የናፍጣ ጢስ ሽታ ስለምን ይለዋወጣል?



ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤቱ ለመሄድ በአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ቆሞ የሚጠባበቅ ሰው፥ በፊቱ የሚያልፉት የናፍጣ መኪናዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሽታ እንደሌላቸው ሳያስተውል አይቀርም። የአንደኛው ጢስ እንደ ተጫረ ክብሪት አፍንጫን ይሰነፍጣል፤ የሁለተኛው ዓይንን ያስለቅሳል፤ ሦስተኛው ጥሬ ናፍጣ ይሸታል። የሞተሮቹ አሠራር አንድ ሆኖ ሳለ ሽታው ስለምን ይለያያል? ነገሩ የአፍንጫ ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ስለ ሆነ፥ ዛሬ በአጭሩ ልናስረዳ አስበናል።

አስቀድመን የሞተሩን ጠባይ እንመልከት። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 ፈትኖ ባስመሰከረው ሞተር ውስጥ ነዳጁን የሚለኩስ የኤሌክትሪክ ብልጭታ የለም። አየር ብቻውን በሲሊንደር ውስጥ በኃይል ይታመቃል፤ ሲታመቅም ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ በዚህ በጋለ አየር ውስጥ ናፍጣ ሲረጭ ራሱ በራሱ ይቀጣጠላል። ለመንደጃ የሚያገኘው ጊዜ ግን ከቅጽበተ ዓይን ያነሰ ስለ ሆነ፥ ከነዳጁ ጥቂቱ በሚገባ ሳይነድ ይወጣል። እንግዲህ ሽታውን የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው በነዳጁ ውስጥ አስቀድሞ የነበረው ባዕድ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በግማሽ ነዶ የቀረው ነው።

ከፊተኛው ወገን ዋነኛው፥ በመጻሕፍት ዲን እየተባለ የሚጠራው ድኝ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ ከመሬት ሲወጣ ድኝ ይዞ ይወጣል፤ መጠኑም እንደ ተገኘበት አገር ይለያያል። ድኝ ሲነድ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይሆናል፤ ክብሪት ስንጭር አፍንጫችንን የሚወጋውም ይኸው ነው። ማጣሪያዎች ናፍጣውን ከሃይድሮጂን ጋር አግለው ድኙን ሊያወጡለት ይችላሉ። በአሜሪካ ለመንገድ መኪናዎች በሚሸጠው ናፍጣ ውስጥ የሚፈቀደው ድኝ እ.ኤ.አ. በ1993 ከ1 ሚሊዮን እጅ ወደ 500 እጅ፥ ከ2006 ጀምሮም ወደ 15 እጅ እንዲወርድ ተደረገ፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2009 መጠኑን 10 እጅ አድርጎ ወሰነ። በእነዚህ አገሮች የክብሪቱ ሽታ ከመንገድ የጠፋው ስለዚህ ነው። ትርፉም ሽታን ማስወገድ ብቻ አልነበረም፤ በጢስ ማውጫው ላይ የሚገጠመውን የጢስ ማጽጃ ድኝ ያበላሸው ስለ ነበር፥ ነዳጁ ሲጠራ ማጽጃውን በሰፊው መጠቀም ተቻለ።

ከኋለኛው ወገን ደግሞ ፎርማልዲሃይድና አክሮሊን የተባሉት ይገኛሉ። ዘይት በመጥበሻ ላይ ከመጠን በላይ ሲግል ዓይናችንን የሚያቃጥለው አክሮሊን ነው። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ማለዳ ሲነሣ እነዚህና ጥሬው ናፍጣ ይበዛሉ፤ ጢሱም ይነጣል። ከአትክልት ዘይት በተሠራ ነዳጅ የሚሄድ መኪና ግን የድኝ ሽታ ፈጽሞ አያሰማም ለማለት ይቻላል፤ በምትኩ የጥብስ ቤት ሽታ ይከተለዋል። ይህም አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ በተደረገው ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቷል።

የአገር ከፍታም ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ፥ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በምጽዋ ወይም በጅቡቲ በደንብ የሚነደው ናፍጣ፥ ሞተሩ ለከፍታው ካልተስተካከለ በቀር እዚህ ጥቁር ጢስ ሊያወጣ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ስሕተት እንዳንሠራ ያስፈልጋል። ሽታው ስለ ቀነሰ ጉዳቱ ጠፋ ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ገዳይ ጋዝ ምንም ሽታ የለውም፤ ወደ ሳንባ ጠልቆ የሚገባው ረቂቅ ጥላሸትም በአፍንጫ አይታወቅም፤ አፍንጫም ቢሆን ሲቆይ ሽታውን ይለምደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጢስ በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን አስታውቋል።

ስለዚህ ባለመኪና የሆነ ሁሉ ሞተሩን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አስነሥቶ ባያቆየው፥ የናፍጣ መርጫውንና የአየር ፊልትሮውን በየጊዜው ቢያስመረምር፥ ራሱንም ቤተ ሰቡንም ጎረቤቱንም ይጠቅማል። በመንገድ ዳር የቆመውም ሰው ጢሱ ሲያልፍ ዘወር ማለትን አይናቅ። የጢስ ሽታ ስለ ነዳጁና ስለ ሞተሩ የሚናገር መልካም ምስክር ነው፤ ነገር ግን ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም።