የጠመንጃ ልብ፦ የመቀርቀሪያ አክሽን እንዴት ይመረጣል?

አያቶቻችን ጠመንጃን በስሙ ለይተው ያውቁ ነበር። ስናድር የእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ የፈረንሳዩ ግራ፣ ምንሽር ደግሞ የኦስትሪያዊው ማንሊከር ስም በአማርኛ አንደበት ተለዝቦ የቀረ ነው። እነዚህን መሣሪያዎች ከሚለያዩአቸው ነገሮች ዋነኛው ጥይቱ ከኋላ የሚዘጋበት መንገድ ነው። ስናድር በማጠፊያ እንደ ሣጥን ክዳን ይከፈታል፤ ውጅግራና ምንሽር ግን በሚንሸራተት መቀርቀሪያ ይዘጋሉ። ዛሬ በመላው ዓለም ለአደንና ለዒላማ ውድድር የሚሠሩት አብዛኞቹ ትክክለኛ ጠመንጃዎች የዚሁ የመቀርቀሪያ ዘር ናቸው።

በአሜሪካ ደንበኛው በሚፈልገው ልክ ጠመንጃ የሚገጣጥሙ የእጅ ባለሙያዎች አሉ። አፈሙዙን ከአንዱ፣ ሰደፉን ከሌላው፣ ቃታውን ከሦስተኛው አምራች ገዝተው ያዋህዳሉ። የሥራው መነሻ ግን መቀርቀሪያውና እሱ የሚንሸራተትበት ቤት ነው፤ ሁለቱ በአንድነት «አክሽን» ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የአገሪቱ ሕግም የመቀርቀሪያውን ቤት ብቻውን እንደ ሙሉ ጠመንጃ ይቆጥረዋል። አፈሙዝና ሰደፍ ሲያረጁ ይለወጣሉ፤ አክሽኑ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ አንድ አክሽን በምን መመዘኛ እንደሚመረጥ ከፊዚክስና ከብረት ሳይንስ አንጻር ለመዳሰስ እንሞክራለን።

አክሽኑ የሚሸከመው ኃይል

ባሩዱ ሲቃጠል የሚፈጠረው ጋዝ እርሳሱን ወደ ፊት በሚገፋበት ቅጽበት ቀለሁን ወደ ኋላ፣ ማለትም ወደ ተኳሹ ፊት ይገፋዋል። ለምሳሌ .308 ዊንቸስተር የተባለውን የታወቀ ጥይት እንውሰድ። በአውሮፓ ደረጃ የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 415 ሜጋ ፓስካል ነው፤ ይህም በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ የ415 ኒውተን ኃይል ማለት ነው። የቀለሁ ግርጌ ስፋት (ዲያሜትር) 12 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ገጹ ወደ 113 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሁለቱን ብናባዛ 47,000 ኒውተን ገደማ፣ ማለትም ወደ 4.8 ቶን የሚጠጋ ክብደት እናገኛለን። ቀለሁ በግፊቱ ተለጥጦ ከማረፊያው ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ መቀርቀሪያው ላይ የሚደርሰው ከዚህ ያነሰ ነው። ሆኖም ማረፊያው ዘይት ከነካው ይህ ጥብቀት ስለሚላላ ጠንቃቃ ነዳፊ በእሱ አይተማመንም። .300 ዊንቸስተር ማግነም ለተባለው ጥይት ደግሞ ግርጌው 13 ሚሊ ሜትር፣ ግፊቱ 430 ሜጋ ፓስካል በመሆኑ ኃይሉ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይጨምራል። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለየትኛው ጥይት?» የሚል ነው።

የማውዘር ውርስ

በ1874ቱ (እ.ኤ.አ.) ውጅግራ መቀርቀሪያውን ቆልፎ የሚይዘው የእጀታው ሥር ብቻ ነበር፤ ለዘመኑ ለስላሳ ባሩድም በቂ ነበር። ጭስ የለሽ ባሩድ ግፊቱን ሲያሳድገው ግን አዲስ አሠራር አስፈለገ። ጀርመናዊው ፓውል ማውዘር እ.ኤ.አ. በ1898 ሠራዊቱ በተቀበለው ሞዴል ሁለት የመቆለፊያ ጉጦችን ከመቀርቀሪያው ፊት፣ ከጥይቱ አጠገብ አደረገ፤ ሁለቱ ቢሰበሩ የሚይዝ ሦስተኛ ጉጥም ከኋላ ጨመረ። ቀለሁ ቢቀደድ ጋዙ ከተኳሹ ዓይን ርቆ የሚወጣበትን ቀዳዳም አበጀ። አገራችን ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የገዛቻቸው ጠመንጃዎች የዚሁ ሞዴል ልጆች ናቸው።

ማውዘር ያተረፈው ሌላው ነገር ረጅሙ ጥፍር ነው። ጥይቱ ከካዝናው ብቅ እንዳለ ጥፍሩ የቀለሁን ከንፈር ይይዘውና እስኪወጣ ድረስ አይለቀውም። ሰውየው ተደናግጦ መቀርቀሪያውን ሳይጨርስ ቢመልሰው እንኳ ያው ጥይት ተመልሶ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው ሬሚንግተን 700 ግን መቀርቀሪያው ጥይቱን ዝም ብሎ ይገፋዋል፤ ጥፍሩ የሚይዘው ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ነው። በመካከል ቢመለስ ጥይቱ ማረፊያው ውስጥ ይቀራል፤ ቀጣዩም ከኋላው መጥቶ ይገጫል። ጎሽ ወይም አንበሳ ለሚያድን ሰው ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው። ዊንቸስተር በ1936 (እ.ኤ.አ.) የጀመረውን ሞዴል 70 እ.ኤ.አ. በ1964 ወጪ ለመቀነስ ወደ ገፊው አሠራር ሲለውጠው አዳኞች ክፉኛ ቅር ተሰኝተዋል፤ የያዥ ጥፍሩ አሠራርም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመልሶ መጥቷል።

ይህ ማለት ገፊው ዝቅተኛ ነው ማለት አይደለም። የሬሚንግተኑ ቤት ክብ ዘንግ ተቦርቡሮ የሚሠራ ስለሆነ በቶርኖ ላይ በትክክል ለማስተካከል ይመቻል፤ ከሰደፉ ጋርም በቀላሉ ይገጥማል። ስለዚህም የዒላማ ጠመንጃ ሠሪዎች የዚህን ቅርጽ ተከታይ አክሽኖች አብዝተው ይመርጣሉ።

ርዝመትና ጉጦች

.308 ዊንቸስተር ሙሉ ርዝመቱ 71 ሚሊ ሜትር ሲሆን .30-06 ደግሞ 85 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለመጀመሪያው አጭር አክሽን ይበቃል። አጭሩ ቀላል ነው፤ በመጠኑም ቢሆን ለመታጠፍ ያስቸግራል። ነገር ግን ባለቤቱ ነገ ረጅም ጥይት ቢያምረው አፈሙዝ በመለወጥ ብቻ አይሳካለትም።

ሁለት ጉጥ ያለው መቀርቀሪያ ለመከፈት 90 ዲግሪ፣ ሦስት ጉጥ ያለው 60 ዲግሪ ይዞራል። ዘጠኝ ጉጦች ያሉት የዌዘርቢ ማርክ 5 በ54 ዲግሪ ይከፈታል። አጭር ዙር ፈጣን ነው፤ እጀታውም ከመነጽሩ ይርቃል። ይሁን እንጂ የመምቻውን ሞላ የመወጠር ሥራ ያው ስለሆነ በአጭር መንገድ ሲሠራ እጅን ይከብደዋል። በተጨማሪም ጉጦች በበዙ ቁጥር ሁሉንም እኩል ማሳረፍ አስቸጋሪ ነው። ከሁለት ጉጦች አንዱ ብቻ ቢነካ ኃይሉ በአንድ ጎን ያርፋል፤ መቀርቀሪያው ይጎብጣል፤ አፈሙዙም ወደ ጎን ይርገበገባል። ዒላማ ከሚያስቱ ስውር ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

በዓይን የተለካ ሙቀት

ከቅርጽ ሁሉ በላይ ግን ብረቱ ይቀድማል። ለዚህም የአሜሪካው ስፕሪንግፊልድ 1903 ታላቅ ትምህርት ትቶልናል። በፋብሪካው የነበሩት ቀጥቃጮች የጋለውን ብረት ሙቀት የሚገምቱት እንደ ጥንቱ አንጥረኛ ቀለሙን በዓይን አይተው ነበር። በደመናማ ቀን ደማቅ የሚመስለው ፍም በጠራራ ፀሐይ ፈዝዞ ይታያል፤ ሠራተኛው ገና አልጋለም ብሎ ከልክ በላይ ያግለዋል። በዚህ መንገድ የተጎዳ ብረት ከውጭ ምንም ምልክት አያሳይም፤ ውስጡ ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። አንዳንዶቹም በተኳሾች እጅ ተሰባብረዋል። እ.ኤ.አ. በ1917 ምርመራ ተደርጎ ምክንያቱ ሲታወቅ የሙቀት መለኪያ መሣሪያ ገባ፤ የብረቱ አያያዝም ተለወጠ። ቁጥራቸው በስፕሪንግፊልድ ከ800,000፣ በሮክ አይላንድ ከ285,507 በታች የሆኑት እስከ ዛሬ ድረስ ለአዲስ ጠመንጃ መሠረት እንዳይሆኑ ይመከራል።

የድሮው ማውዘርም የራሱ ጠባይ አለው። ቤቱ ካርቦኑ አነስተኛ ከሆነ ብረት ተሠርቶ ላዩ ብቻ እንዲጠነክር የተደረገ ነው። ይህ ጥበብ ነው፤ ቆዳው መፈተግን ይችላል፣ ውስጡ ግን ሳይሰበር ይለመጣል። ሆኖም ለማሳመር ሲባል ጉጦቹ የሚያርፉበት ገጽ ቢፈገፈግ ጠንካራው ቆዳ ያልቅና ጉጦቹ ለስላሳውን ብረት እየተጫኑ ወደ ኋላ ይሰምጣሉ። ያኔ በመቀርቀሪያውና በጥይቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ቀለሁም ተለጥጦ ሊበጠስ ይችላል። የዛሬዎቹ አክሽኖች በአብዛኛው 0.4 በመቶ ካርቦንና 1 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ከያዘው 4140 ከተባለው አረብ ብረት ወይም ከማይዝግ ብረት ስለሚሠሩ ጥንካሬያቸው እስከ ውስጥ ይዘልቃል።

የመጨረሻው ፍተሻ

የተመረጠው አክሽን ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን አፈሙዙ ሲገጠም ከላይ ያነሳነው ክፍተት በመለኪያ መረጋገጥ አለበት። መቀርቀሪያው በአጭሩ መለኪያ ላይ መዘጋት፣ በረጅሙ ላይ ደግሞ እምቢ ማለት ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ሳቬጅ 110 አፈሙዙን በዳዴ (ነት) ስለሚያጠብቅ ይህ ልኬት ያለ ቶርኖ ሊስተካከል ይችላል። በብዙ የአውሮፓ አገሮችም ጠመንጃው ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ከተፈቀደው ግፊት በ25 በመቶ በሚበልጥ ጥይት በመንግሥት ፈቃድ በሚሠራ መፈተኛ ቤት ይተኮሳል።

በአገራችን የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ በመሆኑ አንባቢያን በዚህ ሥራ ላይ ይሰማራሉ ብለን አንጠብቅም። ይሁንና ከአያት የተወረሰ አሮጌ ጠመንጃ ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። በፈቃድ የተያዘ ቢሆንም፣ ላዩ ሲወለወል ቢያብረቀርቅም፣ በውስጡ ያለው ብረት በምን ሙቀት እንደ ተሠራና ጉጦቹ ምን ያህል እንደ ሰመጡ በዓይን አይታይም። ሙያተኛ በመለኪያ ሳይመረምረው በዘመናዊ ጥይት መተኮስ ያን 4.8 ቶን ከፊት አስቀምጦ ዕድልን መፈተን ነው።