የካልካታው የጠመንጃ ነጋዴና ያልደረሱት ዐሥር ሣጥኖች

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ሁሉ አንድ የሚያሳስበው ሰዓት አለ። ይኸውም ዕቃው ከመርከብ ወርዶ፣ ቀረጡ ተከፍሎበት፣ ከጉምሩክ ከተለቀቀ በኋላ ገና ወደ መጋዘን ሳይገባ በመንገድ ላይ የሚገኝበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ዕቃው በመርከቡ ኩባንያም በጉምሩኩም ኃላፊነት ሥር አይደለም፤ በባለቤቱም እጅ ገና አልገባም። የሚገኘው በአንድ ሰው እጅ ነው፤ እሱም ዕቃውን እንዲያስለቅቅ በተላከው ጸሐፊ እጅ።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው በዚያች ሰዓት ዐሥር ሣጥን የጠፋበትን የአንድ ነጋዴ ቤት ታሪክ ነው። ቤቱ በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን በሕንድ አገር፣ በካልካታ ከተማ የአደን መሣሪያ ይነግድ የነበረው የአር. ቢ. ሮዳ ኩባንያ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ካልካታ በሁግሊ ወንዝ ዳር የተቈረቈረች የወደብ ከተማ ናት። መንግሥቱ ወደ ዴልሂ እንዲዛወር በ1911 እስኪታወጅ ድረስ የእንግሊዝ ሕንድ ዋና ከተማ ሆና ኖራለች። የጦር መኰንኖች፣ የመንግሥት ሹማምንት፣ በአሳም የሻይ ተክል የሚያለሙ እንግሊዞችና የአገሩ መሳፍንት ዕቃቸውን የሚገዙት ከዚች ከተማ ነበር። ከነዚህም ሰዎች ብዙዎቹ አደን ወዳድ ነበሩ። ነብር፣ ዝሆን፣ ጎሽና አውራሪስ ማደን ለመኰንኑ መዝናኛ፣ ለመስፍኑም የክብር ማሳያ ስለ ነበረ፣ ጥሩ ጠመንጃ የሚያቀርብ ነጋዴ ገበያ አላጣም። ስሙ በለንደን የታወቀው የማንተን የጠመንጃ ሠሪዎች ቤተሰብ ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ በካልካታ መደብር ከፍቶ ነበር። ሮዳም ተከትሎ መጥቶ በዌልዝሊ ፕሌስ፣ ከዳልሆዚ አደባባይ አጠገብ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የታላላቅ ነጋዴዎች መደብሮች በሚገኙበት ሰፈር ሱቁን አቋቋመ።

የሮዳ ኩባንያ የአሠራር ዘዴ ለአስመጪዎች ትምህርት የሚሰጥ ነው። ስሙ ከተቀረጸባቸው ጠመንጃዎች ብዙዎቹ የተሠሩት በካልካታ ሳይሆን በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሐም ከተማ ነው። በዚያች ከተማ አንዱ አንጥረኛ አፈሙዙን፣ ሌላው ምላጩንና መቺውን፣ ሌላው ሰደፉን እየሠራ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይውላል። በመጨረሻም አፈሙዙ በ1813 በሕግ በተቋቋመው የመፈተኛ ቤት ከልክ በላይ ባሩድ ተጐርሶ ይፈተንና ማኅተም ይመታበታል። ከዚያ በኋላ በጠመንጃው ላይ የሚጻፈው የአንጥረኛው ስም ሳይሆን የነጋዴው ስም ነው። በአሳም ጫካ የሚኖረው የሻይ ገበሬ የበርሚንግሐሙን አንጥረኛ አያውቀውም፤ የሚያውቀው ሮዳን ነው። ጠመንጃው ቢከሽፍበት የሚወቅሰውም ሮዳን ነው።

የዚህም ስም ክብደት ቀላል አልነበረም። ኩባንያው ለታላላቅ አራዊት የሚሆኑ ከባድ ጠመንጃዎችን በማቅረብ የታወቀ ነበር። ከነዚህ ውስጥ ባለ አራት ቍጥር የሚባለው ከአንድ ፓውንድ እርሳስ አራት አረር ብቻ የሚወጣለት ሲሆን፣ አንዱ አረር ከመቶ ዐሥር ግራም በላይ ይመዝናል። ከዚህም ሌላ በዝሆን ጀርባ ላይ በሚጫነው ወንበር ተቀምጠው ለሚያድኑ ሰዎች የሚሸጥ፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ አጭር ሽጉጥ ነበር። የቈሰለ ነብር ዘሎ በዝሆኑ ላይ ሲወጣ ረጅሙን ጠመንጃ ለማዞር ጊዜ ስለማይኖር፣ ገዢው ሕይወቱን የሚያድንበት ይህ ትንሽ መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሸጥ ሰው አንድ ጊዜ ቢያታልል ሁለተኛ ደንበኛ አያገኝም።

ችግሩ ግን የባሕሩ ርቀትና የአየሩ ጠባይ ነበር። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ የመርከቡ ጉዞ በብዙ ቢያጥርም፣ የቤንጋል የክረምት ዝናብና እርጥበት ብረቱን ያዝጋል፤ በወፍራም ወረቀት የተሠራውንም ቀለህ ያሳብጠዋል። ያበጠ ጥይት ደግሞ ወደ ጠመንጃው አይገባም፤ ከገባም አይወጣም። ስለዚህ ጥይቱ አየር በማያስገባ ቆርቆሮ ታሽጎ መላክ ነበረበት። ለነጋዴው የዕቃው ማሸጊያ ከዕቃው የማያንስ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከአየሩ ጠባይ ይልቅ ገበያውን የወሰነው ግን ሕግ ነው። እንግሊዞች በ1857 የሕንድ ወታደሮች ካመፁባቸው በኋላ መሣሪያ በአገሬው እጅ እንዳይገኝ ይፈሩ ነበር። በ1878 የንግሥቲቱ እንደራሴ በነበሩት በሎርድ ሊተን ዘመን የወጣው የመሣሪያ ሕግ፣ ሕንዳዊ ሁሉ ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዝ ሲከለክል ኤውሮጳውያንን ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ አደረጋቸው። ነጋዴው ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስመጣትም ሆነ መሸጥ አይችልም፤ የገባውንና የወጣውንም በመዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታትም መንግሥት አፈሙዛቸው ነጥብ 450 የሆነ ጠመንጃዎች ወደ ሕንድና ወደ ሱዳን እንዳይገቡ ከለከለ። ምክንያቱም ማርቲኒ ሔንሪ የተባለው የቀድሞው የጦር ሠራዊት ጠመንጃ በዚሁ ልክ የተሠራ ስለ ነበረ፣ የዐመፀኞች ጠመንጃ ጥይት ያገኛል ተብሎ ስለ ተሠጋ ነው። በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪዎች ነጥብ 465፣ ነጥብ 470 እና ነጥብ 475 የሚባሉትን አዳዲስ ልኮች አወጡ፤ የካልካታ ነጋዴዎችም ያዘዙትን ዕቃ በአዲሱ ልክ መለወጥ ግድ ሆነባቸው። አንድ የመንግሥት ማስታወቂያ የመጋዘንን ዕቃ በአንድ ቀን ዋጋ ሊያሳጣው እንደሚችል ነጋዴ ወገኖቻችን ሳንነግራቸው ያውቁታል።

እንግዲህ የሮዳን ሱቅ በዐይነ ኅሊናችን እንመልከተው። ደንበኞቹ በአብዛኛው ገዢዎቹ እንግሊዞች ናቸው። ሣጥን የሚያወርዱት፣ መዝገብ የሚጽፉትና ወደ ጉምሩክ የሚመላለሱት ግን የቤንጋል ተወላጆች ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች ሱቁ ውስጥ የተደረደረው ዕቃ በሕግ የተከለከለ ነው። ከሱቁ በር ውጭ ደግሞ አገሩ መታመስ ጀምሯል። መንግሥት ቤንጋልን በ1905 ለሁለት ከከፈለ ወዲህ የእንግሊዝን አገዛዝ በኃይል ለማስወገድ የተማማሉ የምስጢር ማኅበሮች በየከተማው ተነሥተው ነበር። እነዚህ ማኅበሮች ቈራጥ ወጣቶች አላጡም፤ ያጡት መሣሪያ ነው። መሣሪያው ደግሞ በዳልሆዚ አደባባይ አጠገብ በመስተዋት ውስጥ ይታያቸዋል።

እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ያወጀችው በነሐሴ መጀመሪያ፣ ኦገስት 4 ቀን 1914 ነው። ከዚያ በኋላ ገና አንድ ወር ሳይሞላ ለሮዳ ኩባንያ ብዙ ሣጥን በመርከብ መጣለት። ከዕቃው ውስጥ ማውዘር የሚባሉት ጀርመን ሠራሽ ሽጉጦች ይገኙ ነበር። ሽጉጡ የሚቀመጥበት የእንጨት ሣጥን በመያዣው ላይ ሲገጠም ሰደፍ ስለሚሆን፣ መሣሪያው እንደ ጠመንጃ በትከሻ ተደግፎ ይተኰሳል። ይህን ዕቃ ከጉምሩክ የማስለቀቅ ሥራ የተሰጠው ሽሪሽ ቻንድራ ሚትራ ለተባለ የኩባንያው ጸሐፊ ነበር። ይህ ሰው በድብቅ ከማኅበረተኞቹ ጋራ መዋሉን አሠሪዎቹ አላወቁም።

ረቡዕ ኦገስት 26 ቀን 1914 ጸሐፊው 202 ሣጥን ከጉምሩክ አስለቀቀ። በቫንሲታርት ሮው ወደሚገኘው የኩባንያው መጋዘን ያስገባው ግን 192 ሣጥን ነው። የቀሩትን ላምጣ ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰምም። በቤንጋል ሲተረክ እንደሚኖረው ዕቃው የተጫነው በበሬ ጋሪዎች ሲሆን፣ ከነዚህ አንዱን እንደ ባላገር ጋሪ ነጂ ለብሶ ይነዳ የነበረው ሃሪዳስ ደታ የሚባል የማኅበሩ ሰው ነበር። ሌሎቹ ጋሪዎች ወደ መጋዘኑ ሲታጠፉ ያ ጋሪ መንገዱን ቀጠለ። ቀኑ ብርሃን ነው፤ ወረቀቱ የተሟላ ነው፤ ቀረጡም ተከፍሏል። ስለዚህ ጋሪውን ያስቆመው ማንም አልነበረም።

በዐሥሩ ሣጥኖች ውስጥ 50 ማውዘር ሽጉጥና 46,000 ጥይት ነበረ። ኩባንያው ለፖሊስ ያመለከተው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ በዚያን ጊዜ ዕቃው ተከፋፍሎ አልቆ ነበር። በዳኛ ሲድኒ ሮውላት ሊቀ መንበርነት የተቋቋመው የመንግሥት መርማሪ ኮሚቴ በ1918 እንደ ገለጸው፣ ከ50ዎቹ ሽጉጦች 44ቱ ወዲያውኑ ለ9 ልዩ ልዩ የዐመፅ ቡድኖች ታድለዋል። እነዚህም በ54 የግድያ፣ የዘረፋና የሙከራ ወንጀሎች ላይ እንደ ዋሉ ኮሚቴው አረጋግጧል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ፖሊስ መልሶ የያዘው 31 ሽጉጥ ብቻ ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1919፣ በዚሁ ኮሚቴ ሐሳብ መሠረት ሰውን ያለ መደበኛ ፍርድ ለማሰር የሚያስችል ሕግ ወጣ፤ በሕጉ ላይ የተነሣውም ቍጣ ሕንድን ከዳር እስከ ዳር አናወጠ።

ስለ ሽሪሽ ሚትራ የሚሰጠው ፍርድ ሁለት ዐይነት ነው። ለአሠሪዎቹ እምነት ያጐደለ ሠራተኛ ነው። ለአገሩ ሰዎች ግን፣ ሕንድ በ1947 ነፃ ከወጣች በኋላ፣ እሱና ጓደኞቹ ከነፃነት ታጋዮች ተቈጥረዋል። በሽጉጦቹ የተገደሉትም ሰዎች ቤተሰብ ሌላ ፍርድ ይኖረው ይሆናል። ይህን ለታሪክ ሊቃውንት እንተወውና ለንግዳችን የሚጠቅመውን እንመልከት።

የሮዳ ኩባንያ መዝገብ መያዝ አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም። በእያንዳንዱ ሽጉጥ ላይ የተመታውን የፋብሪካ ቍጥር መዝግቦ ይዞ ነበር። በየቦታው የተያዙት ሽጉጦች ከዚያ ስርቆት የመጡ መሆናቸው የታወቀው በዚህ መዝገብ ነው። ቍጥሩ ባይጻፍ ኖሮ 31ዱም ባለቤት የሌላቸው ብረቶች ሆነው በቀሩ ነበር። እንግዲህ የጐደለው ጽሕፈት ሳይሆን ሁለተኛ ዐይን ነው። ዕቃውን ከጉምሩክ የተረከበው፣ በጋሪ ያስጫነው፣ ወደ መጋዘን ያስገባውና የቀረውን አመጣለሁ ያለው አንድ ሰው ነው። በጉምሩክ በር 202 ብሎ የሚቈጥር አንድ ሰው፣ በመጋዘን በርም 202 ካልሞላ በሩን የማይዘጋ ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ጉድለቱ በዚያው ሰዓት በታወቀ ነበር። ለሦስት ቀንም ዝም ባልተባለ ነበር።

ይህን የምጽፈው እኔም የነጋዴ ጸሐፊ ሆኜ ነው። የአሠሪዬን ዕቃ ቍጥር ስፈርም ሌላ ሰው ደግሞ ቈጥሮ ከጐኔ ቢፈርም ክብሬን የሚነካ አይመስለኝም። እንዲያውም አንድ ቀን ሣጥን ቢጐድል ንጽሕናዬን የሚመሰክርልኝ የዚያ ሰው ፊርማ ነው። ሁለተኛው ቆጣሪ ለታማኙ ጠባቂ፣ ላልታመነውም ልጓም ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላም ቁም ነገር አለ። ሮዳ የአፈሙዙን ልክ፣ የባሩዱን መጠን፣ የጥይቱን ማሸጊያ አጥርቶ ያውቅ ነበር። በቤቱ ውስጥ የሚሠራው ሰው ስለሚሸጠው ዕቃና ስለሚገዛው ደንበኛ ምን እንደሚያስብ ግን ጠይቆ አያውቅም። አንድ ሕዝብ ለራሱ እንዳይነካው በተከለከለ ዕቃ ላይ ልጆቹን ሾሞ ሲነግድ፣ ታማኝነታቸውን ከደመወዙ ጋራ አብሮ የገዛው መሰለው። ደመወዝ ግን የሰውን ጉልበትና ጊዜ ይገዛል እንጂ ልቡን አይገዛም። ነጋዴ የገበያውን ዋጋ እንደሚያጠና ሁሉ የሚነግድበትን አገር ስሜትና አብረውት የሚሠሩትን ሰዎች ኑሮ ማጥናት ይገባዋል። ይህን ያላደረገ ነጋዴ ከዐሥር ሣጥን የሚበልጥ ነገር ሊጐድልበት ይችላል።