ያውቁ ኖሯል? የእንስሳት ሐኪሙ ሯጭ
የኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀው የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ቴይለር የእንስሳት ሐኪም ነበር። ወላጆቹ ከባርነት ነፃ የወጡ ናቸው፤ እሱ በ1908 እ.ኤ.አ. ከፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በዚያው ክረምት በለንደን ኦሎምፒክ ተሰለፈ።

የ400 ሜትሩ ፍጻሜ ግን ጉድ ነበር! አሜሪካዊው ካርፔንተር የብሪታንያውን ሃልስዌል መንገድ ዘጋ ተብሎ ዳኞች ውድድሩን ሰረዙት። «ያለ ካርፔንተር ይደገም» ሲባል ቴይለርና የአገሩ ልጅ ሮቢንስ አሻፈረን አሉ። ሃልስዌልም ተፎካካሪ በሌለበት መም ብቻውን ሮጦ ወርቁን ወሰደ፤ በኦሎምፒክ አትሌቲክስ ታሪክ እንዲህ ያለ ፍጻሜ ሌላ የለም።

ቴይለር ወርቁን ያገኘው በዱላ ቅብብል ነው፤ ሦስተኛው ሯጭ ሆኖ 400 ሜትሩን ሸፈነ። ከዚያ አምስት ወር ሳይሞላ ታይፎይድ ገደለው። ዕድሜው 26 ነበር።