የነርቭ ሕዋስ በምን ይኖራል?

እሾህ ሲወጋችሁ እግራችሁን ሳታስቡት ታነሣላችሁ። ይህ የሚሆነው ከእግር ቆዳ እስከ ኅብለ ሰረሰር የተዘረጋ የነርቭ ሕዋስ ስላለ ነው። ሽሉ በማኅፀን ሳለ ይህን ሕዋስ ከሞት ያተረፈው ምን ይመስላችኋል?

ሽል ሲያድግ ከሚያስፈልጉት እጅግ የበዙ የነርቭ ሕዋሳት ይፈጠራሉ፤ በብዙ የሥርዓተ ነርቭ ክፍሎች ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። በቆሎ የዘራ ገበሬ ቡቃያውን እንደሚያሳሳ ያለ ነው ትሉ ይሆናል። በማሳው ግን የሚነቅል እጅ አለ፤ በሽሉ ውስጥ የለም። ሕዋሱ ክሩን ዘርግቶ ከቆዳ ወይም ከሌላ አካል ሲደርስ፣ ያ አካል ኒውሮትሮፊን የሚባል ፕሮቲን በጥቂቱ ያመነጫል። ድርሻውን ያገኘ ሕዋስ ይኖራል፤ ያጣ ራሱን በራሱ ያጠፋል።

ይህን ምስጢር በመፍታት ስሟ ከሁሉ በፊት የሚነሣው ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ የተባለች ኢጣሊያዊት ሐኪም ናት። እ.ኤ.አ. በ1938 ዓ.ም.፣ በዚያን ጊዜ አገራችንን በወረራ ይዞ የነበረው የሙሶሊኒ መንግሥት አይሁድን ከዩኒቨርሲቲ የሚያግድ ሕግ ሲያወጣ፣ ሥራዋን አጣች። ጥያቄዋን ግን አልተወችም፤ በጦርነቱ ዘመን በመኝታ ክፍሏ ውስጥ የዶሮ ዕንቁላል እየከፈተች የጫጩቱን ሽል ነርቮች በአጉሊ መነጽር ትመረምር ነበር። በኋላም አሜሪካ ሄዳ በሴንት ሉዊስ ከተማ ከስታንሊ ኮኸን ጋር በመሥራት የመጀመሪያው ኒውሮትሮፊን፣ የነርቭ አሳዳጊ የተባለው ፕሮቲን፣ ተለይቶ እንዲታወቅ አደረገች። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ ፕሮቲኑ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የሚቀበለው ያስፈልጋል። ቁም ነገሩ ከዚህ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተቀባይ የሚባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ተሰክተዋል፤ አንደኛው ጫፋቸው ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ነው። ዋነኞቹ ትርክ ኤ፣ ትርክ ቢ እና ትርክ ሲ ይባላሉ፤ ስማቸው ለጆሮ ባይጥምም ሥራቸው ታላቅ ነው። የነርቭ አሳዳጊው ከትርክ ኤ ጋር ሲገናኝ ሁለት ተቀባዮች ይጣመሩና አንዱ በሌላው ላይ ፎስፌት ያሳርፋል። ያን ጊዜ ሕዋሱን «ኑር፣ እደግ» የሚል ያህል መልእክት ይነሣል። መልእክቱም ከነተቀባዩ በትንሽ ከረጢት ተጠቅልሎ በክሩ ውስጥ ኑክሊየሱ ወዳለበት ይጓዛል፤ በአዋቂ ሰው ከእግር ጣት የሚነሣው ጉዞ አንድ ሜትር ያህል ነው። ፒ75 የሚባል ሌላ ተቀባይም አለ፤ እርሱ ሁሉንም ኒውሮትሮፊኖች ይቀበላል፣ አንዳንድ ጊዜም የሞትን ትእዛዝ ያስተላልፋል።

ተቀባዩ ቢጎድልስ? እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. የጃፓን ተመራማሪዎች ከተወለዱ ጀምሮ ሕመም የማይሰማቸውንና ላብ የማያልባቸውን ሰዎች መርምረው፣ ትርክ ኤን የሚያሠራው ጅን የተበላሸ መሆኑን አሳዩ። የነርቭ አሳዳጊው በአካላቸው አለ፤ ተቀባይ ግን አጥቶ፣ ሕመምን የሚያደርሱት ነርቮች ገና በሽልነት ሞተዋል። እንዲህ ያለ ሕፃን ጥርስ ሲያወጣ ምላሱን ይነክሳል፤ አጥንቱ ተሰብሮ ይራመዳል። ላብ ስለሌለውም ብርቱ ሙቀት ሊገድለው ይችላል። የእናቱን እጅ ንክኪ ግን ያውቃል፤ ንክኪን የሚያደርሱት ነርቮች በአብዛኛው የሚተማመኑት በትርክ ቢ እና በትርክ ሲ ነውና።