ካልሲውን ራሱ ያውልቅ

በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ በብዙዎቻችሁ ቤት ያለ፣ ነገር ግን ብዙ የማንነጋገርበት ነው። ይኸውም የአካል ወይም የአእምሮ እድገት ችግር ያለበትን ሕፃን ስለ መንከባከብና፣ ሐኪም ቤት "ኦኩፔሽናል ቴራፒ" ስለሚባለው ሕክምና ነው። ማዳሞቻችሁ በአረብኛ "ኢላጅ ወዚፊ" ሲሉት ሰምታችሁ ይሆናል። መርፌ የለውም፤ ኪኒን የለውም፤ ነገር ግን የእናንተን እጅ ይፈልጋል።

አንዲት እህታችን በአል አይን ከተማ፣ በአል ቃጣራ ሰፈር፣ ከተምሩ እርሻ ብዙም በማይርቅ ቤት ትሠራለች። ስሟን እንዳንጽፍ ስለ ጠየቀችን አንጽፍም። አገሯ ወሎ ነው። የተቀጠረችው ለጽዳትና ለምግብ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን የቤቱ ሦስተኛ ልጅ፣ የአምስት ዓመቱ ወንድ ልጅ፣ በእርሷ እጅ ሆነ። ልጁ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። ይህ በእርግዝና ወቅት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በሕፃንነት በአንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ቀኝ እጁ ተጨብጦ ይውላል፤ ቀኝ እግሩ ይጎተታል።

እህታችን ልጁን ወደደችው። ጠዋት ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ታጎርሰዋለች፤ ሁሉንም በሩብ ሰዓት ትጨርስና ወደ ሌላው ሥራዋ ትሮጣለች። አንድ ቀን ልጁን እንድትይዝ ከእናቱ ጋር ወደ ሕክምና ተወሰደች። ባለሙያዋ "ልጁን ማን ነው የሚያለብሰው?" ብላ ጠየቀች። እናቲቱ ዞር ብላ እህታችንን አየቻት። "ልቤ ቀጥ አለ። አንድ ነገር አጥፍቻለሽ ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ" ትላለች።

ባለሙያዋ ግን አልተቆጣችም። ልጁን እግሩ መሬት በሚነካበት ዝቅተኛ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። የግራ እግሩን ካልሲ ከተረከዙ አውልቃ ጣቶቹ ላይ ብቻ ተወችው። ከዚያም ዝም ብላ ጠበቀች። ልጁ አለቀሰ። እናቱ ልትረዳው ስትነሣ ባለሙያዋ በእጇ ምልክት አስቆመቻት። ጥቂት ቆይቶ ልጁ በግራ እጁ ካልሲውን ያዘና ሳበው፤ ወለቀ። ሳቀ። እናቱ ዓይኗን ጠረገች። ባለሙያዋ ወደ እህታችን ዞራ፣ የምታደርጊው ሁሉ ከፍቅር እንደሆነ አያለሁ፤ ግን የእርሱን ሥራ አንቺ እየሠራሽበት ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ የመጨረሻዋን ጥቂት ለእርሱ ተዪለት አለቻት።

ልጅ ምን ሥራ አለው?

"ኦኩፔሽን" የሚለው ቃል በተለምዶ ሙያ ወይም ሥራ ማለት ስለሆነ ብዙዎች ለአዋቂ የሚሰጥ የሥራ ሥልጠና ይመስላቸዋል። እዚህ ላይ ግን ትርጉሙ የሰው ቀን የሚሞላበት ነገር ሁሉ ማለት ነው። የልጅ ሥራው መብላት፣ መልበስ፣ መታጠብ፣ መጫወት፣ እርሳስ መያዝ፣ ከእኩዮቹ ጋር መሆን ነው። ፊዚዮቴራፒ በአብዛኛው የሚያተኩረው በሰውነት እንቅስቃሴና ጥንካሬ ላይ ሲሆን፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ደግሞ "ይህ ልጅ በዚህ አካሉ ዛሬ ቁርሱን እንዴት ይበላል?" ብሎ ይጠይቃል።

ሙያው በአሜሪካ አገር በ1917 እ.ኤ.አ. በማኅበር ደረጃ ተቋቋመ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ወደ ዕለት ኑሯቸው በመመለስም ታወቀ። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1952 ነው። ዛሬ ከሕፃን እስከ አረጋዊ ያገለግላል።

በዚህ አገር ደግሞ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከት የፌዴራል ሕግ በ2006 ወጥቷል። በአቡዳቢ በ2004 የተቋቋመው፣ የሼክ ዛይድን ስም የያዘው መንግሥታዊ ተቋም በአል አይንም የእንክብካቤና የማገገሚያ ማዕከል አለው። ከ2017 ጀምሮ መንግሥት አካል ጉዳተኞችን "አስሃብ አል ሂመም" ብሎ ይጠራቸዋል፤ ባለ ቆራጥነት፣ ባለ ጽናት ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ በሐኪም ቤትና በመኪና ማቆሚያ ላይ ብታዩት ትርጉሙ ይኸው ነው።

ሕክምናው ለቤተሰቡም ነው

ልጁ ባለሙያዋ ዘንድ የሚቆየው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው። የቀረው ጊዜ ሁሉ በቤት ያልፋል። ስለዚህ ባለሙያዋ ልጁን ብቻ አታክምም፤ ቤተሰቡን ታስተምራለች። ቁርስ በስንት ሰዓት እንደሚበላ፣ መታጠቢያ ቤቱ እንዴት እንደሆነ፣ ማን እንደሚያስተኛው ትጠይቃለች። ከዚያም ለቤቱ የሚሆን የየዕለት ልምምድ ትሰጣለች። በብዙ ቤት ይህን ልምምድ የምትሠራው የቤት ሠራተኛዋ ናት። እንዲህ ከሆነ ማዳምን በትሕትና "እኔም ገብቼ ልይ፤ ቤት እንድሠራው" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በሰው አፍ ከመስማት በዓይን ማየት ይሻላል፤ አረብኛችን ገና የሆንን ደግሞ የምናየው ነገር ከምንሰማው ይበልጥ ይገባናል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ልጁ በእናንተ እጅ ብቻ ከሠለጠነ፣ ኮንትራታችሁ ሲያልቅ ምን ይሆናል? የአል ቃጣራዋ እህታችን ይህን ያሰበችው በራሷ ነው። ልጁ ሲደክመው ወደ እናቱ ሳይሆን ወደ እርሷ መምጣት ጀምሮ ነበርና እናቲቱ እንደ ከፋት አስተዋለች። ስለዚህ ካልሲውን ማውለቅ ሲለምድ "ማዳም፣ ነይ እዪ፤ ማታ አንቺ አድርጊለት" አለቻት። አሁን የማታው ልብስ የእናትየው ነው። ታላቅ እህቱም ኳስ በሁለት እጁ እንዲይዝ ታጫውተዋለች። ልጁን ለቤተሰቡ መልሳ መስጠቷ የአገልግሎቷ ትልቁ ክፍል ይመስለናል።

በቤት የሚሠሩ ቀላል ነገሮች

የሚከተሉት ባለሙያዎች በብዛት የሚያስተምሯቸው ናቸው። ልጅ ከልጅ ስለሚለያይ ግን የእናንተ ቤት ባለሙያ የነገረቻችሁ ይቅደም።

ሲለብስ፦ አንድ ወገኑ የደከመ ልጅ ሲለብስ የደከመው እጅ መጀመሪያ ይገባል፤ ሲያወልቅ የደከመው እጅ መጨረሻ ይወጣል። ይህን ብቻ ብታውቁ ከልብስ ጋር መታገሉ ይቀንሳል። የተጨበጠውን እጅ በኃይል ጎትታችሁ አትክፈቱት። ልጆች ከመልበስ በፊት ማውለቅን ይማራሉ፤ ስለዚህ ከማውለቅ ጀምሩ። እናንተ አብዛኛውን ሠርታችሁ የመጨረሻዋን እርምጃ ለእርሱ ተዉለት፤ ያቺን ሲችል ደግሞ ከእርሷ በፊት ያለችውን ጨምሩለት። እንዲህ ሲሆን ልጁ ሁልጊዜ የሚጨርሰው በማሸነፍ ነው።

ሲበላ፦ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ እግሩ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ከሥሩ በርጩማ ወይም ሣጥን አድርጉለት። ቆማችሁ ከላይ አታጉርሱት፤ አንገቱ ወደ ኋላ ሲቀና ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ፊት ለፊቱ በዓይኑ ልክ ተቀመጡ። በማንኪያ ትንሽ ትንሽ ስጡ፤ እስኪውጥ ጠብቁ። ሲበላ ደጋግሞ የሚያስለው ወይም ድምፁ እርጥብ የሚሆን ከሆነ አቁማችሁ ለቤተሰቡ ንገሩ፤ ሐኪም ማየት አለበት።

ሲጫወት፦ ውድ መጫወቻ አያስፈልግም። ሊጥ ማሸት፣ የልብስ መቆንጠጫ መክፈትና መዝጋት፣ ካልሲዎችን ጥንድ ጥንድ ማድረግ፣ ቲማቲም በውኃ ማጠብ ለጣት ትልቅ ልምምድ ነው። እኛ አገር ልጅ ቡና ሲለቅም፣ እንጀራ በሦስት ጣቱ ቆርሶ ወጥ ሲይዝ የሚማረው ይህንኑ ነው። ባቄላና ምስር የመሰለ ትንሽ ነገር ግን ወደ አፉ ለሚከት ሕፃን አይሰጥም።

ድምፅና ንክኪ የሚያስጨንቃቸው ልጆች

ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ድምፅን፣ ብርሃንን ወይም ንክኪን እንደ እኛ አይሰሙትም። የምንጣፍ ማጽጃው ማሽን ሲነሣ ጆሮውን ይዞ የሚጮህ፣ የልብሱ ምልክት አንገቱን ሲነካው የሚያወልቅ፣ ጸጉሩ ሲታጠብ የሚማታ ልጅ ሁልጊዜ ባለጌ አይደለም፤ እንደ እውነቱ እያመመው ሊሆን ይችላል። መቆጣትና መያዝ ነገሩን ያብሰዋል። ማሽኑን ከማስነሣታችሁ በፊት አሳዩት፣ ንገሩት፣ ወይም እርሱ በሌላ ክፍል ሳለ ሥሩ። የልብሱን ምልክት በማዳም ፈቃድ ቁረጡለት። የቀኑን ቅደም ተከተል በሥዕል መለጠፍም ይረዳል፦ ቁርስ፣ ጥርስ መቦረሽ፣ ጫማ፣ መኪና። ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቅ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ሥዕል ደግሞ አረብኛም አማርኛም ስለማይፈልግ ለእናንተም ለልጁም ቋንቋ ይሆናል።

እናንተንስ ማን ይንከባከብ?

የደከመች ሴት ትዕግሥት ከየት ታመጣለች? ልጁ በየዓመቱ ይከብዳል፤ የእናንተ ወገብ ግን ያው ነው። ስታነሡት ከወገባችሁ አትጎንበሱ፤ ጉልበታችሁን አጥፉ፣ ልጁን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉ፣ ጠምዘዝ አትበሉ። ከከበደ ሁለት ሰው ያንሣው፤ ለባለሙያዋም ንገሯት። የሚያነሣውን ሰው ማገዝም የሙያዋ አንድ ክፍል ነው።

ከታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዚህ አገር የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 9፣ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በቀን ከ12 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት፣ ከዚያም ውስጥ 8ቱ ሰዓት ሳይቋረጥ እንዲሆን ይላል። በሕጉ የቤት ሠራተኛ፣ ሞግዚትና የቤት ነርስ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ስለዚህ ልጁን መውደድ አንድ ነገር ሆኖ፣ በቱቦ መመገብን ወይም መድኃኒት መለካትን ሳይማሩ መቀበል ሌላ ነው። "አልተማርኩም፤ ያስተምሩኝ" ማለት እናንተንም ልጁንም ይጠብቃል።

ሁለት ነገር ደግሞ አትርሱ። ልጁ ከወደቀ ወይም ከተጎዳ በዚያው ሰዓት ተናገሩ፤ የተደበቀ ነገር በኋላ ጥፋት ይሆናል። የልጁን ፎቶና ቪዲዮ በስልካችሁ አታውጡ፣ ለማንም አትላኩ። የሰውን ምስል ያለ ፈቃድ ማሰራጨት በዚህ አገር ሕግ ያስከስሳል፤ ከሕጉም በላይ የልጁ ክብር ነው።

በአገር ቤት ጓዳ ያለችው ልጅ

የአል ቃጣራዋ እህታችን ታሪክ በዚህ አያበቃም። ልጁ ካልሲውን ባወለቀ ማታ አልተኛችም። በወሎ፣ በእናቷ ቤት፣ የሰባት ዓመት የእህቷ ልጅ አለች። እንደዚህ ልጅ እጆቿ የተጨበጡ፣ መቀመጥ የማትችል ናት። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። ጎረቤት "እርግማን ነው" ይላል፤ አያቷም አምነውት ኖረዋል። "የሰውን ልጅ እዚህ አስቀምጬ እያጎረስኩ፣ የእኛዋ በጀርባዋ ተኝታ ነው የምትበላው" አለችን፤ ያን ጊዜ አለቀሰች።

እህቶቻችን፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው የማን ኃጢአት እንደሆነ ጌታን ጠየቁት። ጌታም የእርሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ ነገራቸው። ይህን በየቤታችን የምንናገረው መቼ ነው?

እህታችን ስልክ ደወለች። በመጀመሪያ እናቷ አልሰሟትም። "ዓረብ አገር ሄደሽ ሐኪም ሆንሽ እንዴ?" አሏት። እርሷ ግን በየሳምንቱ ደወለች። ልጅቷ ተኝታ እንዳትጎርስ ለመነች። ከደመወዟም ለአናጢ ላከች፤ ጀርባውና ጎኑ የተደገፈ፣ እግር ማሳረፊያ ያለው ትንሽ ወንበር ተሠራ። ልጅቷ ዛሬም አትሄድም፤ አትናገርም። ነገር ግን ቡና ሲፈላ ከሰው መካከል ትቀመጣለች። ስትበላ ትንታዋ ቀንሷል። አያቷ በቅርቡ በስልክ "እንጀራ እጇ ላይ ሳኖርላት ያዘችው" ብለው ነገሯት። ከዚያ ወዲህ የሚደውሉት እርሳቸው ናቸው።

በአገራችንም እርዳታ አለ። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ እርሳቸውም በስደት የኖሩና ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያሳደጉ እናት፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፍተዋል። ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ከ2008 ጀምሮ የአጥንትና የእግር ችግር ያለባቸውን ልጆች ያክማል። ቼሻየር ከ1962 ጀምሮ የአካል ጉዳተኞችን ይረዳል፤ በመናገሻም ማዕከል አለው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ኦኩፔሽናል ቴራፒን በዲግሪ ማስተማር ጀምሯል። ሩቅ ገጠር ያለ ቤተሰብ በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምር፤ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል እንዲጻፍለት ይጠይቅ።

ሽባውን ሰው በአልጋ ተሸክመው ጣራ ነድለው ወደ ጌታ ያወረዱት አራት ሰዎች ስማቸው በወንጌል አልተጻፈም። የእናንተም ስም በልጁ የሕክምና ወረቀት ላይ አይጻፍም። ከአልጋው አንዱን ማዕዘን የያዛችሁት ግን እናንተ ናችሁ። በጓዳችሁ ያለ ልጅ ካለ፣ በዚህ ሳምንት ስልክ ስትደውሉ ገንዘቡ ደረሰ ወይ ከማለታችሁ በፊት "ልጁ እንዴት ሆኖ ነው የሚበላው?" ብላችሁ ጠይቁ።

እግዚአብሔር እጃችሁን ይባርክ። በሰላም ያገናኘን። አሜን።