ጦርነቱ ካለቀ በኋላ መሬቱ በማን ስም ተጻፈ?

ጦርነት የሴቶችን ሕይወት እንደሚለውጥ ሁላችንም ሰምተናል። ወንዱ ሲዘምት ሴቷ የእሱን ሥራ ትይዛለች፣ በዚያው አዲስ ቦታ ታገኛለች ይባላል። እኔን ይበልጥ የሚያጓጓኝ ግን ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ያ ቦታ በእጇ ይቀራል ወይስ ይወሰድባታል? ፎገራ ሜዳ ላይ ሆኖ ለተመለከተው መልሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ወረታን መነሻ አድርገን እንየው።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ መገናኛ ናት። ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው መንገድ በደብረ ታቦርና በጋይንት አልፎ ወልድያ ይደርሳል። በስተ ምዕራቧ ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ወንዞች የሚያጥለቀልቁት የጣና ዳሩ የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል። በጌምድርን መያዝ የፈለገ ሁሉ ዓይኑን የሚጥልበት አገር ስለሆነ፣ እዚህ ጦርነት የሩቅ ወሬ ሆኖ አያውቅም።

ከዓድዋ እንጀምር። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት የራስ ጉግሳ ተወላጅ ናቸው፤ ስለዚህ ለዚህ አገር ባዳ አይደሉም። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የመሸገውን የጣሊያን ጦር ከምንጭ ውኃው የመለየቱ ምክር የእሳቸው ነበር። ዓድዋ ላይም የራሳቸውን ጦር ይዘው ተሰልፈዋል፤ ሴቶችን አስተባብረው ለተዋጊው ውኃ አስቀርበዋል፣ ቁስለኛ አስታመዋል።

ከእሳቸው ጀርባ የነበሩትን ሴቶችም እስቲ አስቧቸው። በዚያ ዘመን ወታደሩን የሚቀልብ የተደራጀ የስንቅ ክፍል አልነበረም። ዘማቹ ስንቁን በየግሉ ይዞ ይነሳል፤ በየሰፈሩ እህሉን የምትፈጨው፣ የምትጋግረው፣ ውኃ የምትቀዳው አብራው የዘመተችው ሴት ናት። ያ ሁሉ ሠራዊት ከሸዋ ተነሥቶ ትግራይ የደረሰው በእነዚህ ሴቶች ጉልበት ጭምር ነው። ከድሉ በኋላ ግን ገበሬዋ ወደ ወፍጮዋ ተመለሰች። እቴጌዋ በትውልዳቸው፣ በጋብቻቸውና በብልህነታቸው የያዙት ሥልጣን ወደ እሷ የሚወርድበት መንገድ አልነበረም።

በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ደግሞ ሴቶች በግልጽ አዋጊ ሆኑ። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ ተዋጊ እየመሩ ጠላትን ገጥመዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች መሣሪያና መረጃ ያቀብሉ ነበር፤ ተይዘውም ብዙ ተሰቃይተዋል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ወደ ጣሊያን እስር ቤት ተግዘው ከተመለሱ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የምርጫ በር ሲከፍትም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል እሳቸው ናቸው።

ልብ በሉ፤ ስንዱን እዚያ ያደረሳቸው አርበኝነታቸው ብቻ አልነበረም። ትምህርት ነበራቸው፣ በሩን የከፈተ ሕግም ወጣ። በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ ሴቶች በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጥይት ፋብሪካውን ሞልተውት ነበር፤ ወንዶቹ ሲመለሱ ብዙዎቹ ከሥራቸው ተሰናበቱ። በእጃቸው የቀረው በሕግ የተጻፈው ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ዕድሜያቸው ከ30 በላይ የሆነ፣ የንብረት መስፈርት የሚያሟሉ ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ።

ለፎገራ ገበሬ ሴት ግን ከምርጫ ካርድ በፊት የሚመጣው መሬት ነው። በቀድሞው የርስት ሥርዓት ሴት ልጅም ከአባቷም ከእናቷም ወገን መሬት ትወርስ ነበር። ችግሩ ያለው ማረሻው ላይ ነው። ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ምርቱን ታጓጉዛለች፤ ሞፈርና ቀንበር ይዛ በሬ መጥመድ ግን በባህሉ የወንድ ሥራ ነው። ስለዚህ ባሏን ወይም ልጇን ያጣች ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ምርቱን ይካፈላሉ። ጦርነት አራሹን ወሰደ ማለት ማሳዋ እያለ ጎተራዋ ግማሽ ሆነ ማለት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በፆታ ልዩነት ሳያደርግ መሬት ለሚያርሰው ሁሉ እንዲሰጥ ደነገገ። በቅጥር ሠራተኛ ማሳረስን ሲከለክል እንኳ ሌላ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ለይቶ ፈቅዶላታል። በተግባር ግን ገበሬ ማኅበሩ የመዘገበው በአብዛኛው አባወራውን ነበር። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣና ወጣቱ እየተመለመለ፣ ብዙ ጊዜም እየታፈሰ ወደ ጦር ግንባር ተጫነ። ቤቱንና ማሳውን የምታስተዳድረው ሴት ሆና መዝገቡ ላይ ያለው ስም ግን የሌለው ሰው ስም ሆነ።

በዚያው በደርግ ዘመን ሜዳው ራሱ ተለወጠ። በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ የተጀመረው ሩዝ፣ ውኃ የሚተኛበትንና ለግጦሽ የሚተወውን መሬት የሰብል መሬት አደረገው። ሩዝ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው የአራሚ እጅ ነው። አራሚዋ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብላ አረሙን ከሥሩ ትነቅላለች፤ ዱር ሩዙ ገና ቡቃያ ሳለ ከተዘራው ጋር ስለሚመሳሰል እያንዳንዱን ቅጠል ለይታ ማየት አለባት። አንድ ጊዜ አርሞ መተው አይቻልም፤ ተመልሶ ይታረማል። ምርቱ ሲገባ ወረታ ላይ ተፈልፍሎ ይሸጣል፤ ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተቀይጦ እንጀራ ይሆናል። እንዲህ ሆኖ መሬቱ ዋጋ አወጣ፤ ዋጋ ያወጣ መሬት ደግሞ የማን ነው የሚያስብል መሬት ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሁነኛ መልስ የመጣው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው። ደርግን የጣሉት ድርጅቶች ሴት ታጋዮችን አሰልፈው ስለነበር የሴቶች የመሬት መብት ከበረሃ ጀምሮ በአጀንዳቸው ውስጥ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት አጠቃቀምና በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ብዙ ቅሬታና ቁርሾ ትቶ ያለፈ ቢሆንም፣ ብዙ ሴቶች በራሳቸው ስም መሬት ያገኙት ያኔ ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መታደል ጀመረ። ደብተሩን ገልጣችሁ ብታዩት የባልም የሚስትም ስም ሰፍሮበታል፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጥፎበታል። እኔ ከብዙ ሐውልት ይልቅ ይህ ፎቶግራፍ ያስደንቀኛል። ባል ዘምቶ ቢቀር የባል ወገን መጥቶ «መሬቱ የወንድማችን ነው» ሲላት፣ ሽማግሌም ፍርድ ቤትም ፊት የምታቀርበው ማስረጃ በእጇ አለ ማለት ነው። መሬቱን ስታከራይም ሆነ ለእኩል ስትሰጥ ተዋዋይዋ ራሷ ናት።

ሙሉ መፍትሔ ነው አልልም። በሬ የሌላት ሴት ዛሬም ምርቷን ለአራሽ ታካፍላለች፤ በሬ መጥመድ ለሴት አሁንም እንደ ነውር የሚቆጠርበት ቦታ ብዙ ነው።

ጉዳዩ የታሪክ ብቻ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ጋይንት ደርሶ ነሐሴ ላይ ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ስትመታ፣ ስንቅ የሚያዘጋጁት፣ ተፈናቃይ የሚያስጠጉት ሴቶች ነበሩ። ነፋስ መውጫ ላይ ደግሞ ሴቶች በታጣቂዎች ተደፍረዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም እንደገና ቤትን በሴት ትከሻ ላይ ጥሏል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ጦርነት ለሴት መብት ይሰጣል የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ጦርነት የሚሰጣት ሸክም መሆኑን ንገሩት። መብት የሚሆነው ከሸክሙ ጋር ስሟ አብሮ ሲጻፍ ነው። ለዚህ ደግሞ መቶ ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። ባሏ የሞተባት ወይም የጠፋባት እህት፣ አክስት፣ ጎረቤት ካለቻችሁ ደብተሩ ላይ ስሟ መኖሩን ዛሬውኑ ጠይቋት፤ ከሌለም ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አብራችኋት ሂዱ።