ያውቁ ኖሯል? ፊት ሲጣመም ሦስት ቀን ብዙ ነው

ያውቁ ኖሯል? ፈገግ የሚያሰኘን፣ ዓይናችንን የሚያስከድነን፣ ግንባራችንን የሚያስቋጥረን በፊታችን በየጎኑ ያለ አንድ ነርቭ ነው፤ ሰባተኛው የራስ ቅል ነርቭ ይባላል። ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ውስጥ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር በማይሞላ መተላለፊያ ሾልኮ ይወጣና ጉንጭ ላይ በአምስት ቅርንጫፍ ይበተናል። አጥንት አይለጠጥም፤ ነርቩ ካበጠ የሚታነቀው እዚያው ነው።

«ብርድ መታው» የሚባለው ድንገተኛ የፊት መጣመም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ እብጠት ይመጣል። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1821 ስለ ፊት ነርቭ በጻፈው በስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም በቻርልስ ቤል ስም «ቤልስ ፓልሲ» ይሉታል። ፋርሳዊው ሐኪም አል-ራዚ ግን 900 ዓመት ገደማ ቀድሞት ጽፎበታል። ነፍሰ ጡሮችና የስኳር ሕመም ያለባቸው ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ከ10 ሕመምተኞች 7ቱ ያህል ያለ መድኃኒትም ይድናሉ። ቀሪዎቹ ሦስቱ እነማን እንደሚሆኑ ግን በመጀመሪያው ቀን የሚለይ የለም፤ ስለዚህ ፕሬድኒሶሎን የተባለው እንክብል በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመከራል። ለምሳሌ ሰሜን ጎንደር ውስጥ ዛሪማ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ደባርቅ፣ ከዚያም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር ነው። «እስኪ ይለፍልኝ እንደሆን» ብሎ የሚጠበቀው ሳምንት ነው የሚጎዳው፤ መጀመሪያ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይታዩ።

ቅንድብዎን ማንሳት ችለው አፍዎ ብቻ ከተጣመመ፣ በተለይ ክንድዎ ከዛለ ወይም አንደበትዎ ከተሳሰረ፣ ነገሩ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና ለአንድ ሰዓትም አይቆዩ።

በስለት ወይም በመኪና አደጋ ጉንጩ የተቆረጠስ? የተበጠሰው ነርቭ ወደ ጡንቻው ያለው ጫፍ ለ72 ሰዓት ያህል በኤሌክትሪክ ሲነካ ጡንቻውን ያንቀሳቅሳል፤ ቀዶ ሐኪሙ ጫፉን ፈልጎ የሚያገኘው በዚህ ነው። ከጸጉር በቀጠነ ክር፣ በማይክሮስኮፕ እያየ ይሰፋዋል። ቁስሉን ቀድሞ የሚያየው የጤና ባለሙያ ማደንዘዣ ከመውጋቱ በፊት «ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ጥርስዎን ያሳዩኝ» ቢል ትልቅ ውለታ ነው። ከደነዘዘ በኋላ ነርቩ ይቆረጥ አይቆረጥ መለየት አይቻልም።

የተሰፋ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ነርቭ ያጣ ጡንቻ ደግሞ ከአንድ ዓመት ወይም ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ እየጠፋ ይሄዳል። ሁለቱን ሲያስተያዩ የመዘግየት ዋጋ ይገባዎታል።

የራሱ ነርቭ የማይጠገን ከሆነ የማኘኪያ ጡንቻው ነርቭ ይዋሳል። ሕመምተኛው መጀመሪያ ጥርሱን ነክሶ ፈገግ ይላል፤ ብዙዎች በልምምድ ሳይነክሱም ይችላሉ። ሌላው መንገድ ከባት የተወሰደ ነርቭ ከላይኛው ከንፈር በላይ አሳልፎ ከደህናው ጎን ማገናኘት ነው። ጡንቻው ከሞተ ደግሞ ከጭን ውስጠኛ ክፍል ጡንቻ ከደም ሥሩና ከነርቩ ጋር ወደ ጉንጭ ይዛወራል፤ ጃፓናዊው ኪዮኖሪ ሐሪና ባልደረቦቹ ይህን እ.ኤ.አ. በ1976 አሳትመውታል።

በአገራችን የፊት ነርቭን ሲጎዳ የኖረ አንድ በሽታ የሥጋ ደዌ ነው። የዓይን ሽፋኑ አልገጥም ይልና ዓይን ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ይታወራል። እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ የተቋቋመው የአለርት ማዕከል የተመሠረተው ለዚህ በሽታ ሕክምናና ለባለሙያዎች ሥልጠና ነበር። ለማይገጥም ዓይን ከሚሠሩት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ከጆሮ በላይ ካለው የማኘኪያ ጡንቻ ቀጭን ቁራጭ ወስዶ ከዓይን ሽፋኑ ጋር ማያያዝ ነው፤ ሕመምተኛው መንጋጋውን ሲያጠብቅ ዓይኑ ይከደናል።

ፊትዎ የተጣመመው ዛሬ ከሆነ ደግሞ ሐኪም እስኪያይዎት ዓይንዎን ከአቧራ ይጠብቁ፤ ማታ ሽፋኑን በእጅ ከድነው በስሱ በፕላስተር ይያዙት። ቀይ ከሆነ፣ ካመመዎት ወይም ብዥ ካለብዎት ቀጠሮ አይጠብቁ።